ስክሪኑ «ሞቷል» ከመባሉ በፊት

የላፕቶፕ ስክሪን ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ጀንበር አይጨልምም። ቀስ እያለ ነው የሚደክመው። መጀመሪያ ባለቤቱ መጋረጃ መዝጋት ይጀምራል። ቀጥሎ ወንበሩን ከመስኮት ያርቃል። ከዚያ አንገቱን ወደ ፊት ያስረዝማል፤ ፊደሎቹን ያሳድጋል፤ «ዓይኔ ነው መሰለኝ» ብሎ መነጽር ስለመግዛት ያስባል። አንድ ቀን ጠዋት ሲከፍተው ግን የሚያየው ጥላ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ላፕቶፑን አንግቶ ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል።

እዚያ የሚጠብቀውን መልስ አብዛኞቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። «ስክሪኑ ሞቷል፤ ይቀየራል።»

ይኼ መልስ አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን የሞተው ስክሪኑ ሳይሆን ሌላ ትንሽ ነገር ነው። ልዩነቱ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ በጥቂት ብር በሚያልቅ ጥገናና የወር ደመወዝ በሚበላ ጥገና መካከል ያለ ልዩነት ነው። ላፕቶፕ ለብዙዎቻችን የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። ለሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ለተርጓሚው፣ ለዲዛይነሩ፣ ለተማሪዋ እንጀራ ነው። ስለዚህ «ስንት ነው?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ምኑ ነው?» ብለን መጠየቅ መልመድ አለብን እላለሁ።

የእህቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን በምትጽፍበት ሰሞን ይኼው ነገር ገጠማት። ላፕቶፑ አዲስ አይደለም፤ ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣው ይዞላት የመጣ ያገለገለ ዕቃ ነው። አንድ ጥገና ቤት ወሰደችው፣ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ፍርዱን ሰማች። ስክሪን መቀየር ነው ተባለች። የተጠየቀችው ገንዘብ ያንኑ የመሰለ ያገለገለ ላፕቶፕ ከሚሸጥበት ዋጋ ሲሶውን ያህል ነበር። ረቂቁን ለአማካሪዋ የምታስረክብበት ቀን ሊደርስ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ደወለችልኝና «ጋሼ፣ ገንዘቡን ልበደር ወይስ ጽሑፉን በስልክ ልጨርሰው?» አለችኝ።

«ሁለቱንም ተይውና ይዘሽው ነዪ» አልኳት።

እኔ ቴክኒሻን አይደለሁም። ግን መገናኛ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን የረጅም ጊዜ ወዳጅ አለኝ። ብዙ ቅዳሜዎችን ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጬ ሲፈታና ሲገጥም እያየሁ አሳልፌያለሁ። ደብዛዛ ላፕቶፕ በመጣለት ቁጥር ደጋግሞ የሚላት ነገር አለች፤ «ስዕሉ ሌላ፣ ብርሃኑ ሌላ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው የላፕቶፕ ስክሪን ኤልሲዲ የሚባለው ዓይነት ነው። «ኤልሲ» የሚሉት ፈሳሽ ክሪስታልን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ፍሪድሪኽ ራይኒትዘር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ባሕርይውን ያስተዋለበት ነገር ነው። ይህ ክሪስታል በራሱ ብርሃን አይሰጥም። ሥራው ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን ማሳለፍ ወይም መከልከል ብቻ ነው። የምናየው ፊደልና ፎቶ የሚሠራው በክሪስታሉ ነው፤ እንድናየው የሚያደርገው ግን ከጀርባው ያለው መብራት ነው። ባለሙያዎቹ ባክላይት ይሉታል።

ፋኖስ አስቡ። መስታወቱ ንጹሕና ሙሉ ሆኖ ላምባው ሲያልቅ ቤቱ ይጨልማል። ላምባው ስላለቀ መስታወት የሚቀይር ሰው ግን አላየሁም። በላፕቶፕ ላይ የምናደርገው አንዳንዴ ይህንኑ ነው።

ያ መብራት በአሮጌዎቹና በአዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 2010 አካባቢ የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች እንደ እርሳስ ቀለም የቀጠነች የፍሎረሰንት ቱቦ ነበረቻቸው። እሷን የምታበራ ኢንቨርተር የምትባል ቀጭን ሰሌዳ ከስክሪኑ ሥር ትቀመጣለች። ከዚያ ወዲህ ያሉት ከስክሪኑ ግርጌ በተደረደሩ ጥቃቅን የኤልኢዲ መብራቶች ይሠራሉ፤ ብርሃኑን በስክሪኑ ሙሉ የሚያሰራጩት ከኋላ የተደራረቡ ስስ የፕላስቲክ ገጾች ናቸው። መብራቶቹ ነጭ ቢመስሉም መነሻቸው ሰማያዊ ነው፤ ላያቸው ላይ በተቀባ ቢጫማ ፎስፈር አማካይነት ነው ነጭ የሚሆኑት። ሰማያዊውን ኤልኢዲ ለፈጠሩት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሰጥቷቸዋል።

እነዚህ መብራቶችም ያረጃሉ። የስክሪን አምራቾች ለብዙ የላፕቶፕ ስክሪኖች የሚጽፉት ዕድሜ ከ10,000 እስከ 15,000 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። ዕድሜ የሚሉት ግን መጥፋቱን አይደለም፤ ብርሃኑ ወደ ግማሽ የሚወርድበትን ጊዜ ነው። 12,000 ሰዓት በቀን 8 ሰዓት ሲካፈል 1,500 ቀን፣ ማለትም አራት ዓመት ግድም ይሆናል። ከውጭ አገር መሥሪያ ቤት ተነስቶ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ እኛ እጅ ሲገባ ከዚህ ውስጥ ብዙውን በልቶ ሊሆን ይችላል።

ወደ መብራቶቹ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ረጅም መንገድ አለው። ከማዘርቦርዱ ይነሳል፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙም በማትበልጥ ፊውዝ ውስጥ ያልፋል፤ በቀጭን ኬብል ሆኖ በላፕቶፑ ማጠፊያ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ከስክሪኑ ጋር ይገናኛል፤ በመጨረሻ መብራቶቹን ያበራል። ከነዚህ አንዱ ቢታመም የምናየው ውጤት ተመሳሳይ ነው፤ ስክሪኑ ይደበዝዛል ወይም ይጨልማል። ስለዚህ ፍለጋው ገንዘብ ከማያስወጣው መጀመር አለበት።

መጀመሪያ ቅንብሩ ይታይ። ኪቦርዱ ላይ የፀሐይ ምልክት ያለባቸው ቁልፎች አሉ፤ አንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ከኤፍኤን ቁልፍ ጋር ነው የሚሠሩት። ሕፃን ልጅ ነካክቶት ወይም ሲወለውሉት ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ይኼ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ወዳጄ ዘንድ ታክሲ ተሳፍሮ የመጣ ላፕቶፕ በአንድ ጣት ጭነት «ሲድን» በዓይኔ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ኃይሉ። መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት አገር ይህቺ ነጥብ ትልቅ ናት። ላፕቶፑ ከሶኬት ወደ ባትሪ ሲዞር፣ በተለይም ባትሪ ቆጣቢው ሲነሳ፣ ዊንዶውስ የስክሪኑን ብርሃን ራሱ ይቀንሳል። ብልሽት ሳይሆን ቁጠባ ነው። ቻርጀሩ ተሰክቶም ቢሆን ማያያዣው የላላ ወይም ቻርጀሩ የደከመ ከሆነ ላፕቶፑ በባትሪ ላይ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ ከታች ጥግ ያለችው የባትሪ ምልክት የመሰካት ምልክት ማሳየቷን እዩ። «መብራት ሲሄድ ይደበዝዛል፣ ሲመጣ ይስተካከላል» የሚል ሰው ስክሪኑ ደህና ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ የሚለውን መክፈትና እንደ ክፍሉ ብርሃን ወይም እንደሚታየው ስዕል ብርሃንን በራሱ የሚቀያይር ምርጫ ካለ ማጥፋት ነው።

ሦስተኛው ሶፍትዌሩ ነው። ዊንዶውስ አዲስ ከተጫነ ወይም ከታደሰ በኋላ የብርሃን ማስተካከያው ጨርሶ ከጠፋ፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ አልተጫነም ማለት ሊሆን ይችላል። የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን አንድ ላይ መጫን ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን ላፕቶፑን አጥፍቶ ሲበራ ወደ ባዮስ መግባት ነው፤ እንደ ሥሪቱ ኤፍ2 ወይም ዲሊት ወይም ሌላ ቁልፍ ነው። እዚያ ዊንዶውስ ገና አልተነሳም። ባዮሱ ፍንትው ብሎ ከታየ ጥፋቱ የዊንዶውስ ነው፤ ሳንቲም አያስወጣም። ባዮሱም ደብዛዛ ከሆነ ችግሩ ወደ ዕቃው ይጠጋል።

የእህቴን ልጅ ላፕቶፕ እስከዚህ ድረስ እኔው ቤት ሞከርነው። ቁልፉ ሠራ፣ ቻርጀሩ ደህና ነው፣ ባዮሱ ግን እንደሌላው ሁሉ ደብዛዛ ነው። እሷ ተስፋ ቆረጠች፤ እኔ ስልኬን አነሳሁ።

አራተኛው ፈተና የስልክ ባትሪ ነው። ክፍሉን አጨልሙ፤ ላፕቶፑ ሥራ ላይ እያለ የስልካችሁን መብራት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አድርጋችሁ ከጎን አዘንብላችሁ አብሩበት። ፊደሉ፣ የመዳፊቷ ቀስት፣ የፎልደሮቹ ጥላ ከታያችሁ ስዕሉ በሕይወት አለ፤ የጎደለው ብርሃን ነው። እኛም ስናበራ የመመረቂያ ጽሑፏ ርዕስ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ጽሑፍ ብቅ አለ። «እንዴ፣ አለ እኮ!» አለች።

አምስተኛው ሌላ ስክሪን ላይ ማየት ነው። ሞኒተር ባይኖር ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ይበቃል። በኤችዲኤምአይ ኬብል አገናኝቶ የዊንዶውስ ቁልፍንና ፒን በመጫን ስዕሉን ወደዚያ መላክ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ጥርት ብሎ ከታየ ስዕሉን የሚሠራው የማዘርቦርድ ክፍል ጤነኛ ነው። ይህ ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ላፕቶፑን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ፋይላችሁን በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ገልብጣችሁ ታስቀራላችሁ። ሁለተኛ፣ ሥራ አይቆምም። የእህቴ ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ የጻፈችው ቴሌቪዥን ላይ ነው፤ እናቷም የምትከታተለውን ድራማ ለሦስት ቀን ተወችላት።

ስድስተኛው ማጠፊያው ነው። ክዳኑን በጣም በዝግታ ወደ ኋላም ወደ ፊትም አንቀሳቅሱት። በአንድ ቦታ ላይ ቦግ ብሎ በሌላው የሚደበዝዝ ከሆነ፣ ወይም የሚብለጨለጭ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ኬብል ነው። ላፕቶፑ በቀን አሥር ጊዜ ቢከፈትና ቢዘጋ ያ ኬብል በዓመት በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይታጠፋል። የእኛው ላፕቶፕ ክዳኑ ገደድ ሲል ቦግ አለ፤ ቀጥ ሲል ደበዘዘ። ወዳጄ ዘንድ ወሰድነው፤ ከፈተው፤ የኬብሉ ልባስ ማጠፊያው ላይ ተልጦ አገኘው። ከአንድ የሞተ ተመሳሳይ ላፕቶፕ ኬብል ፈልጎ ቀየረላት። የከፈለችው ለስክሪን ከተጠየቀችው አምስት እጅ ያነሰ ነው። ረቂቁም በቀኑ ገባ።

ኬብል እንዲህ ያለ ጣጣ የሚያመጣው በርካሽ ወይም በአሮጌ ዕቃ ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ማክቡክ ፕሮ ላይ ስስ የሆነው የስክሪን ኬብል በመከፈትና በመዘጋት ብዛት ይጎዳ ነበር። ከስክሪኑ ግርጌ እንደ ቲያትር መድረክ መብራት ብርሃንና ጥላ ተሰልፎ ይታያል፤ ሲብስ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ኬብሉ ከስክሪኑ ጋር አንድ ላይ ስለተሠራ ለአንዲት ስስ ኬብል ሲባል ሙሉ ስክሪን መቀየር ግድ ሆነ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ችግሩ ላለባቸው ባለ 13 ኢንች ሞዴሎች ነፃ ጥገና አወጀ። ፈትተው ያዩ ባለሙያዎች ከዚያ በኋላ የወጣው ሞዴል ላይ ኬብሉ በ2 ሚሊ ሜትር ያህል ረዝሞ አገኙት። ዓለም የሚያውቀውን ላፕቶፕ ያስቸገረችው ይህቺው ነገር ናት።

ሰባተኛው ፍተሻ የባለሙያ ነው፤ ላፕቶፑ ተከፍቶ ፊውዟ፣ ኬብሉ፣ የመብራቶቹ ሰሌዳ በመለኪያ ይታያሉ። እዚህ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ እላለሁ። በአሮጌዎቹ ላፕቶፖች ላይ ያለችው ኢንቨርተር በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ታወጣለች፤ ቱቦዋም ውስጥ ሜርኩሪ አለ። በአዲሶቹ ላይ ደግሞ ባትሪው ሳይነቀል የስክሪኑን ኬብል መንቀልና መሰካት ያቺን ፊውዝ ያቃጥላል። ስክሪኑ ተቀይሮ «አዲሱም አልሠራ አለ» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኼ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ስክሪን መቀየር ሁልጊዜ ማታለል ነው እያልኩ አይደለም። አንድ ተርጓሚ የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፑን በቀን አሥር ሰዓት፣ ለስድስት ዓመት ተጠቅሞበታል። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ደብዝዞ ወደ ቢጫ ሄዷል። ማጠፊያው ቢንቀሳቀስም ለውጥ የለም፤ ቴሌቪዥን ላይ ግን ጥርት ያለ ነው። የስልክ ባትሪም አላስፈለገው፣ ብርሃኑ አለ፤ ግን ደክሟል። ለእሱ ወዳጄ ራሱ «ቀይረው» አለው። ትክክልም ነበር። ድንገት ጨልሞ ጥላ ብቻ የቀረው ሌላ ነው፤ ክዳን ሲንቀሳቀስ የሚለዋወጠው ሌላ ነው፤ በዓመታት እኩል የደከመው ሌላ ነው። አሮጌ ሆኖ ሲከፈት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የሚጠፋው ደግሞ ቱቦውን ወይም ኢንቨርተሩን ያስጠረጥራል። ምልክቱን በትክክል የነገረ ደንበኛ የጥገናውን ግማሽ ሠርቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ!

ለቴክኒሻኖቹም ፍትሐዊ እንሁን። ኬብል ለየሞዴሉ የተለያየ ነው፤ ፈልጎ ማግኘት ሳምንት ይፈጃል። ፊውዝ መቀየር ማይክሮስኮፕና የተረጋጋ እጅ ይጠይቃል። ስክሪን ግን መደርደሪያ ላይ አለ፤ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይገጠማል፤ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። አንዳንዱ «ይቀየር» የሚለው ከክፋት ሳይሆን ከጊዜ እጥረት ነው። ደንበኛው «ቶሎ ጨርስልኝ» ብሎ ሲያጣድፍ የመመርመሪያ ጊዜውን የሚበላው ራሱ ነው። እኛም የመመርመሪያ ዋጋ ክፈሉ ስንባል ቅር ይለናል፤ የዕቃ ዋጋ ስንባል ግን ያለ ጥያቄ እናወጣለን። ለምርመራ መክፈል ብንለምድ መርማሪ ቴክኒሻን ይበዛል።

ስለዚህ ደብዛዛ ላፕቶፕ ይዛችሁ ስትሄዱ አራት ነገር ጠይቁ። «የጠፋው ብርሃኑ ነው ወይስ ስዕሉ?» በሉ። «እኔ ባለሁበት ሞኒተር ላይ ሰክተህ አሳየኝ» በሉ። «ኬብሉንና ፊውዙን አይተሃል?» በሉ። መቀየር ግድ ከሆነም «አሮጌውን ለእኔ መልስልኝ፤ ለአዲሱስ ስንት ጊዜ ዋስትና አለው?» በሉ። ደህና ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ እንዲያውም ወንበር ይስባል።

ስክሪን ውጭ ካለ ዘመድ የምታስመጡ ከሆነ የላፕቶፑን ስም ብቻ አትላኩ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ላፕቶፖች የተለያየ ስክሪን ሊኖራቸው ይችላል። ስክሪኑ ሲፈታ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቁጥር በስልክ አንሱና ፎቶውን ላኩ። የኬብሉ መሰኪያ ባለ 30 ይሁን ባለ 40 እግርም አረጋግጡ። ዘመድ በሻንጣው ይዞት የመጣ የማይገጥም ስክሪን መመለሻ የለውም።

የተቀየረው ስክሪን ዕድሜው እንዲረዝም ደግሞ ብርሃኑን ሁልጊዜ ጫፍ ላይ አትስቀሉት፤ ክፍሉ ውስጥ ለማንበብ የሚበቃውን ያህል ይሁን። ክዳኑን ከአንድ ጥግ ይዛችሁ አትክፈቱ፤ ከመሃል ያዙት። ቦርሳ ውስጥ ቻርጀሩን ክዳኑ ላይ አትጫኑበት። እነዚህ ገንዘብ አያስወጡም።

የደበዘዘ ላፕቶፕ ያለበት ሰው ዛሬ ማታ ክፍሉን አጨልሞ የስልኩን ባትሪ ያብራበት። ጥላው ውስጥ ፊደል ከታየው ገንዘቡን ከኪሱ ለማውጣት አይቸኩል።

ቸር እንሰንብት።